ቢሲኤም (መብራቱንና በሮቹን የሚቆጣጠረው የመኪና ኮምፒውተር) ቀይር ተባልኩ፤ ያገለገለ ገዝቼ ብሰካው ይሠራል?

ጥያቄ፦ የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። 2016 ፎርድ ኤፍ-150 ኤክስኤልቲ ፒካፕ አለኝ፤ በቁልፍ የሚነሳው ነው። ከኋላ በቀኝ በኩል ፍሬቻውም የፍሬን መብራቱም ጠፋ። አምፖል ቀየርኩ፣ ፊውዞቹን አንድ በአንድ አየሁ፣ ለውጥ የለም። አምና የኋላው ስፖንዳ ስር ረጅም የኤልኢዲ መብራት አስገጥሜ ነበር፣ ከዚያ ጋር ይገናኝ እንደሆነ አላውቅም። መካኒኩ ኮምፒውተር ሰክቶ «ዩ1000 እና ዩ3000 ይላል፤ ቢሲኤሙ ሞቷል፣ 1,400 ዶላር ያስወጣሃል» አለኝ። ጃንክ ያርድ ውስጥ ያገለገለ በ90 ዶላር አግኝቻለሁ። ነቅዬ ብሰካው ይሠራል?

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ አጭሩ መልስ አይሠራም ነው። ሰክተህ ስትጨርስ መኪናው ጭራሽ አልነሳም ሊልህ ይችላል። ምክንያቱን እመጣበታለሁ። ግን ከ90ውም ከ1,400ውም ዶላር በፊት አንድ ነገር ማወቅ አለብን። ዩ3000 ከሚለው ኮድ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ አለ፤ ከሁለት ነጥቡ ቀጥሎ ደግሞ ሁለት ቁጥሮች አሉ። እነሱን አልጻፍካቸውም። ፎርድ ላይ ዋናው ወሬ ያለው እዚያ ነው። ቁጥሮቹ 49 ከሆኑ ሞጁሉን፣ ማለትም ቢሲኤሙን፣ ትገዛለህ። 49 ከሌለ ግን ምናልባት የአንዲት ሽቦ ጥገና ብቻ ነው የሚጠብቅህ።

«ሞቷል» የሚለውን ደግሞ ለጊዜው እናቆየው። መካኒክህ እነዚህን ኮዶች ያነበበው ከራሱ ከቢሲኤሙ ነው። በእውነት የሞተ ሞጁል ኮድ አይሰጥም። ሞቶ ቢሆን ኖሮ ሌሎቹ ሞጁሎች ናቸው «ቢሲኤም ጠፋብን» ብለው ዩ0140 የሚጽፉት። አንተ ደግሞ በሩ አልቆለፍ አለኝ፣ ዋይፐሩ ቆመ፣ ክላክሱ አልጮህ አለ አላልክም። ግራው ይሠራል፣ መኪናው ይነሳል። ስለዚህ ከብዙ መስመሮቹ አንዱ ብቻ ነው የተዘጋው።

ለምን ፍሬቻውና ፍሬኑ አብረው ጠፉ ካልክ፣ የአንተ መኪና ላይ ከኋላ ሁለቱም የሚበሩት በአንድ አምፖል፣ በአንድ ክር ነው። ቢሲኤሙ ፍሬን ስትይዝ ዝም ብሎ ያበራዋል፣ ፍሬቻ ስታሳይ ያንኑ ክር ብልጭ ድርግም ያደርገዋል። የማታው መብራት ሌላኛው ክር ላይ ስለሆነ አሁንም እየበራ ይሆናል። ማታ ወጥተህ እየው። እሱ ከበራ የአምፖሉ ማሳ (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው የመመለሻ ሽቦ) ደህና ነው ማለት ነው፣ አንድ ጥርጣሬ ቀነስን።

አሁን ወደ ፊውዙ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ማየትህ ጥሩ ነው፤ ችግሩ የምትፈልገው ፊውዝ እዚያ የለም። በእነዚህ መኪናዎች ላይ የውጭ መብራቶቹን የሚጠብቃቸው ቢሲኤሙ ውስጥ ያለ ትራንዚስተር ነው። ባለሙያዎች ፌት ይሉታል። እሱ ማብሪያ ማጥፊያም ነው፣ ፊውዝም ነው። የሚያልፈውን ከረንት ይለካል፤ ከልክ ሲያልፍ በቅጽበት ይዘጋል። ፊውዝ ቢሆን ተቃጥሎ ታየው ነበር። ይሄ ግን ምንም ሳያሳይህ ይዘጋና በሚቀጥለው ጊዜ ፍሬቻ ስታበራ እንደገና ይሞክራል። ሾርቱ፣ ማለትም ሽቦው ብረት መንካቱ፣ አሁንም ካለ እንደገና ይዘጋል።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቢሲኤሙ እያንዳንዱን ሾርት ይቆጥራል። ቁጥሩ የተወሰነ ደረጃ ሲደርስ ዩ1000:00 ይጽፍና መስመሩን ይዘጋዋል። እዚህ ደረጃ ላይ ሾርቱን አስተካክለህ፣ ኮዱን አጥፍተህ፣ የቢሲኤሙን የራስ ምርመራ ካስኬድክ መስመሩ ተመልሶ ይከፈታል። ምንም ዕቃ አትገዛም። ሾርቱን ሳይነኩ ኮድ ብቻ ማጥፋት ከተደጋገመ ግን ቆጠራው ወደ መጨረሻው ደረጃ ይሄዳል፤ ያኔ ዩ3000:49 ይመጣል። 49 ማለት «የውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ብልሽት» ነው። ከዚያ በኋላ ያ መስመር ለዘለቄታው ተዘግቷል፤ ፎርድ ራሱ መፍትሔው ሞጁሉን መቀየር ነው ይላል። ስለዚህ ማንም ሰው ምንጩን ሳይፈልግ ኮዱን ደጋግሞ እንዲያጠፋልህ አትፍቀድ። ነገሩን ወደ 1,400 ዶላሩ የሚገፋው እሱ ነው።

አንድ መጠንቀቂያ፦ ዩ3003 የሚባልም አለ። እሱ የባትሪ ቮልቴጅ ጉዳይ ነው፤ የደከመ ባትሪ ብቻ ሊያመጣው ይችላል። በአፍ ሲነገር ከዩ3000 ጋር ይምታታል። መካኒክህን ውጤቱን በፎቶ እንዲልክልህ ጠይቀው።

49 ቢሆንም ባይሆንም መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፤ ሾርቱን ማግኘት። ሾርቱ እዚያው እያለ አዲስ ቢሲኤም ብትሰካ እሱንም በዚያው መንገድ ትገድለዋለህ። እኔ ያን የኤልኢዲ መብራት ነው መጀመሪያ የምጠረጥረው።

የኋላውን ስፖንዳ ክፈትና በቀኝ በኩል ያለውን የኋላ መብራት ሁለት ብሎኖች ፍታ። ወደ ኋላ ቀጥ አድርገህ ስትስበው ይወጣል። ከጀርባው የሚመጣውን ገመድ ተከትለህ ውረድ። ኤልኢዲውን የገጠመልህ ሰው በዚያች ትንሽ ሰማያዊ ፕላስቲክ ማገናኛ ከዋናው ሽቦ ላይ ጠልፎ ከሆነ፣ ክፈታትና ውስጧን እያት። ይቺ ማገናኛ የሽቦውን ልባስ በብረት ጥርስ ቆርጣ ነው የምትነካው። ኮሎራዶ ደግሞ በበረዶ ጊዜ መንገድ ላይ ማግኒዥየም ክሎራይድ ይረጫል። ያ ውሃ በዚያች ቀዳዳ ይገባና መዳቡን አረንጓዴ ዱቄት ያደርገዋል። አረንጓዴ ካየህ ግማሽ መልስህን አገኘህ። ሽቦው በስፖንዳው ማጠፊያ በኩል አልፎ ከሆነም በእጅህ እየዳሰስክ ሂድ። ስፖንዳው በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እዚያ ጋ ይፈገፈጋል፤ ልባሱ አልቆ መዳቡ ብረት ሲነካ አገኘኸው ማለት ነው።

ማሳውንም የት እንዳሰረው እይ። ከ2015 ጀምሮ የኤፍ-150 ቦዲ አሉሚኒየም ነው። ሰውየው ተራ የብረት ብሎን ቀጥታ ቦዲው ላይ አስገብቶ ከሆነ፣ ሁለቱ ብረቶች በጨዋማ ውሃ ተበላልተው ዙሪያው ነጭ ዱቄት ሆኗል። እሱ ሾርት አያመጣም፤ ግን መብራቱን ያደነዝዝብሃልና አብረህ አስተካክለው።

ዓይን ካልበቃ መልቲሜትር አውጣ። ባትሪውን ፍታ። በቀኝ በኩል ያለውን የኋላ መብራት ሶኬት ንቀል፣ ኤልኢዲውንም አላቅ። አምፖሉ ከተሰካ ክሩ ራሱ ዝቅተኛ ኦም ስለሚያሳይህ ያሳስትሃል። ቀጥሎ የቢሲኤሙን ሶኬት ንቀልና የዚያን መስመር ሽቦ ከማሳ ጋር ለካ። ምንም ግንኙነት ካላሳየ ሽቦው አሁን ንጹሕ ነው። ወደ ዜሮ የተጠጋ ኦም ካሳየ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ቦዲውን ነክቷል። ሽቦውን እያወዛወዝክ ለካ፤ ቁጥሩ የሚዘልበት ቦታ ነው ቁስሉ። ተጎታች የምትጎትት ከሆነ የተጎታቹ ሶኬት ውስጥም እይ፤ ያ ሶኬት ዓመቱን ሙሉ ጭቃና ጨው ይጠጣል።

እግረ መንገድህን በተሳፋሪው እግር ስር ያለውን ምንጣፍ አንሳና በእጅህ ዳስስ። ቢሲኤሙ ያለው እዚያው ቀኝ ጥግ፣ ከፕላስቲኩ ጀርባ ነው። በ2004 እና በ2008 መካከል የተሠሩት ኤፍ-150ዎች ከመስታወቱ ሥር ውሃ እያስገቡ ያንን ሳጥን በማርጠብ የታወቁ ናቸው። የአንተ ሌላ ትውልድ ነው፤ ቢሆንም መስታወት አስቀይረህ ከነበረ ማየቱ አይከፋም።

እስከዚህ ድረስ ሠርተህ፣ ሾርቱን ጠግነህ፣ ኮዱን አጥፍተህ፣ የራስ ምርመራውን አስኪደህ መብራቱ ከበራ በቃ፣ ማንበብህን እዚህ ጋ አቁም።

ካልበራና 49 አልጠፋ ካለ ግን ወደ ቅየራው እንሂድ። መሃል ላይ «ከግራው መብራት ሽቦ ጎትተህ ለቀኙ ስጠው» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። አትስማው። የግራ ፍሬቻ ስታሳይ ሁለቱም ይበራሉ፣ ከኋላህ ያለው ሰው ምን ልትሠራ እንደሆነ አያውቅም። በዚያ ላይ የግራውን ትራንዚስተር ከአቅሙ በላይ ትጭነዋለህ።

ያገለገለው ለምን ተሰክቶ ብቻ አይሠራም? ምክንያቱም ቢሲኤም የሌላ ሰው መታወቂያ ይዞ ነው የሚመጣው። የወጣበትን መኪና የሻንሲ ቁጥር፣ የዚያን መኪና ቁልፎች፣ ምን ዓይነት መብራት፣ ምን ዓይነት ጎማ፣ ምን ዓይነት ወንበር እንደነበረው ሁሉ ያውቃል። በ2016ቱ ኤፍ-150 የሌብነት መከላከያውን የሚያስተዳድረውም እሱ ነው። ቁልፍህ ውስጥ ያለውን ቺፕ አንብቦ ለሞተሩ ኮምፒውተር «ይነሳ» የሚል ፈቃድ ይሰጣል። ሁለቱ የሚተዋወቁበት ምስጢር አላቸው። እንግዳ ቢሲኤም ሲመጣ የሞተሩ ኮምፒውተር አያውቀውም፣ ስለዚህ አይነሳም። አዲሱም ቢሆን ባዶ ሆኖ ነው የሚመጣው። ዩ2100 ብሎ «ገና አልተዋቀርኩም» ይልሃል። የማይስማማ መረጃ ከጻፍክበት ደግሞ ዩ2101 ይላል። አዲስም ግዛ ያገለገለ፣ ፕሮግራም ማድረግ አይቀርም።

ስለዚህ አሮጌውን ከመንቀልህ በፊት መረጃውን አውጣው። ከቅየራው ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው፣ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይሄን ነው። የፎርድ ሥርዓት መጀመሪያ አሮጌው ሞጁል እንደተሰካ መረጃውን አንብቦ፣ ከዚያ ወደ አዲሱ እንዲገለብጥ ነው የተሠራው። የአንተ ቢሲኤም እየተናገረ ነው፤ ይሄ ዕድል ነው፣ ተጠቀምበት። ጭራሽ ድምፁ ቢጠፋ እንኳ መውጫ አለ። ፎርድ ለእያንዳንዱ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ የተጻፈበትን መረጃ በሞተርክራፍት የአገልግሎት ድረ ገጽ ላይ በሻንሲ ቁጥሩ በነፃ ያወጣል። የቢሲኤሙ መስመሮች በ726 የሚጀምሩት ናቸው። ግን ያ የልደት ቀኑ መረጃ ነው። ከዚያ በኋላ ሰው የቀየረው ነገር፣ ለምሳሌ ሌላ መጠን ጎማ ገብቶ ከሆነ፣ እዚያ ውስጥ የለም። ሁለቱንም አስቀምጥ።

ይሄንን ማን ይሥራልህ? የፎርድ ወኪል ይሠራዋል፤ ግን ብዙዎቹ ያገለገለ ዕቃ ይዘህ ብትሄድ አይነኩልህም፣ መኪናው ካልተነሳም ማስጎተቻ ትከፍላለህ። ቤት ድረስ የሚመጡ ፕሮግራመሮችና ቁልፍ ሠሪዎች አሉ፤ ለአንተ ጉዳይ ሚዛኑ የሚደፋው ወደ እነሱ ይመስለኛል። ሦስተኛው መንገድ ራስህ ነህ። ፎርስካን የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። የተራዘመ ፈቃዱን ለተወሰነ ጊዜ በነፃ ይሰጣሉ። ከእሱ ጋር ላፕቶፑን ከመኪናው ጋር የሚያገናኝ ደህና የዩኤስቢ አስማሚ ግዛ፤ ኦቢዲሊንክ ኢኤክስ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው። በርካሹ የብሉቱዝ አስማሚ ኮድ ማንበብ ይቻላል፣ ሞጁል መጻፍ ግን መሃል ላይ ቢቋረጥ ጣጣ ነው። ኮምፒውተር ነክተህ የማታውቅ ከሆነ በዚህ አትጀምር።

ያገለገለ ልግዛ ካልክ፣ ይቻላል፤ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ግን ስታይ ተለጣፊው ላይ ያለውን የክፍል ቁጥር ከአንተው ጋር አስተያይ። ፊቱ አንድ ስለሆነ ውስጡ አንድ አይደለም። ፒኖቹ ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ካየህ ተወው፤ ያ መኪና ጃንክ ያርድ የደረሰው በጎርፍ ሊሆን ይችላል። አንድ ደግሞ በዓይን የማይታይ ነገር አለ። ያ ቢሲኤም የራሱ የሾርት ቆጠራ ሊኖረው ይችላል። ከኋላ ተመትቶ የመጣ መኪና ከሆነ መብራቶቹ ሲሰባበሩ ሾርት አድርገው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከፊት ከተመታ መኪና የወጣውን እመርጣለሁ፤ የመመለስ መብት ከሌለውም አልገዛም። 90 ዶላር ርካሽ ነው፤ ፕሮግራመሩን ሁለቴ መክፈል ግን ርካሽ አይደለም።

መፍታቱ ቀላሉ ክፍል ነው። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታና ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ። በሩ ሥር ያለውን የመርገጫ ፕላስቲክ አንሳ፣ ከዚያ የጎኑን ፕላስቲክ ሳብ። ሶኬቶቹ መቆለፊያ አላቸው፤ በካቻቪቴ አትንቀል፣ መቆለፊያውን ከፍተህ በእጅህ አውጣ። ከመንቀልህ በፊት ፎቶ አንሳ። በቃ።

ፕሮግራም ሲደረግ ግን ባትሪውን እንደ ቀላል አትየው። ቁልፉ በርቶ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ባትሪው ይወርዳል። መረጃ እየተጻፈ ቮልቴጁ ከወደቀ የገዛኸው ሞጁል ጥቅም የሌለው ሳጥን ይሆናል። 13.5 ቮልት አካባቢ ሳይዋዥቅ የሚይዝ ቻርጀር ሰክተህ ሥራ። ባትሪ ለማስነሳት የሚሸጡት ኃይለኛ ቻርጀሮች ለዚህ አይሆኑም።

የቁልፉ ነገር፦ ሁለት ቁልፍ ያስፈልግሃል። በአንድ ቁልፍ ምዝገባውን መጨረስ አይቻልም። አንዱ ጠፍቶብህ ከሆነ ከአሁኑ አሠራ፣ ፕሮግራመሩ በር ላይ ቆሞ አትፈልግ። ፕሮግራሙ ወደ ሌብነት መከላከያው ለመግባት 10 ደቂቃ ያህል ሊያስጠብቅህ ይችላል፤ ተበላሸ ብለህ አትንቀለው። ቁልፎቹ ከተመዘገቡ በኋላ ቢሲኤሙና የሞተሩ ኮምፒውተር እንዲተዋወቁ መደረግ አለበት። ይሄ ከተረሳ ዳሽቦርዱ ላይ የሌባ መብራቷ ቶሎ ቶሎ እያለች መኪናው አይነሳም። ያኔ የነዳጅ ፓምፕ መጠርጠር አትጀምር።

ሲነሳ ደግሞ የጎማ ንፋስ ማስጠንቀቂያ ይበራብህ ይሆናል። አዲሱ ቢሲኤም የጎማዎችህን ሴንሰሮች አያውቃቸውም፤ ከፊት ግራ ጀምረህ በሰዓት አቅጣጫ አንድ በአንድ ታስተዋውቃቸዋለህ። በአንድ ንክኪ የሚወርደው መስኮትም ባትሪ ስለተፈታ ይረሳ ይሆናል፤ እስከ ላይ ዘግተህ ቁልፉን ትንሽ ይዘህ ቆይ። የበር ሪሞቶቹንም ሞክር። በመጨረሻ ሁሉንም ሞጁሎች እንደገና አንብብ። ዩ2100 ወይም ዩ2101 ከቀረ ሥራው አላለቀም፣ ለሰውየው ገንዘቡን ገና አትስጠው።

ኤልኢዲውን ከወደድከው መልሰህ ግጠመው፣ ግን ከኋላ መብራቱ ሽቦ ላይ አይጠለፍ። ስፖንዳ ስር የሚገቡት መብራቶች ቀጥታ ወደ ተጎታቹ ሶኬት የሚሰካ አራት ፒን ይዘው ይሸጣሉ። እሱን ግዛና ሰካው፤ ሽቦ አትቆርጥም፣ ናስትሮ አትጠቀልልም። ከመግዛትህ በፊት ባምፐርህ ላይ አራት ፒን ይሁን ሰባት ፒን ያለህ ጎንበስ ብለህ እይ፤ ሰባት ብቻ ከሆነ ትንሽ መቀየሪያ አብረህ ትጨምራለህ።